«ልጄን ያተኩሰዋል» ያለች አራስ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ከኋላ ላላችሁትም ይሰማ። የማወራችሁ ስለ አንዲት የሸጎሌ አራስ ነው። ከመነሻው ግን አንድ ነገር እንስማማ፦ ይህችን ሴት በስሟ አትፈልጓት፣ የማንንም ግቢ በር አታንኳኩ። ወሬውን የምትሸከምልኝ ሰው ስላስፈለገኝ እኔው በሐሳቤ ያቆምኳት ናት። በዙሪያዋ የማነሳቸው ሊቃውንት፣ ከተሞች፣ ዓመታትና ቁጥሮች ግን የእውነት ናቸው። እሺ ካላችሁ እህ እያላችሁ ተከተሉኝ።

ሸጎሌ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከዊንጌት ብዙ ሳይርቅ ያለ ሰፈር ነው። በአውቶቡስ ዴፖውና በቁም ከብት ገበያው ይታወቃል። የበዓል ዋዜማ ሲሆን በሬው ያገሳል፣ በጉ ይጮኻል፣ ሻጭና ገዢ እጅ እየተማቱ ይከራከራሉ። የአራሷ ባል እዚያ ገበያ ላይ ደላላ ነው። ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ ማታ አቧራ ለብሶ ይመለሳል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ያዙልኝ። የሚኖሩት በአንድ ግቢ ውስጥ በተከራዩት አንድ ክፍል ነው፤ አከራይዋን ሰፈሩ ሁሉ እማማ ይላቸዋል።

ምጡ ሁለት ቀን ፈጀ። ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ሰባት ጊዜ እልል ተባለ። እናቷ ከመርሐቤቴ ቅቤና በሶ አስጭነው መጡ። ገንፎ ተገነፋ፣ አጥሚት ተሞቀ፣ ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» እያለ ገባ፣ ወጣ። አራስ ብቻዋን አትተውም። ራስጌዋ ብረት ይቀመጣል፤ ለደጅ ስትወጣም ቢላ ወይም ቁራጭ ብረት ትይዛለች፣ ሰይጣን እንዳይለክፋት። የብረቱን ነገር ለጊዜው ተዉትና ሥርዓቱን ተመልከቱት። የወለደች ሴት በሕይወትና በሞት ደጃፍ መካከል የምትሰነብት ፍጡር ናት፣ ከአጠገቧ ሰው አይጥፋ፣ ብሎ የደነገገ ሥርዓት ነው። አያቶቻችን ይህን ያህል ያውቁ ነበር።

አርባው ቀን ደረሰ። ክርስትና ተነሣ፣ ድግሱ ተበላ፣ ድንኳኑ ፈረሰ። እናቷ «አዝመራው ይጠብቀኛል፣ በርቺ ልጄ» ብለው አገራቸው ገቡ። ባል ወደ ገበያው፣ ጎረቤት ወደየጉዳዩ። በዚያ አንድ ክፍል ውስጥ እሷና ልጁ ቀሩ።

ያኔ ነው የጀመራት። ልጁ ሲተኛ እሷ አትተኛም። እንጀራው አፏ ውስጥ አፈር አፈር ይላታል። ራሷን ያነድዳታል፣ ልቧ ድው ድው ይላል፣ ጉልበቷ ይከዳታል። ከሁሉ የከፋባት ግን ሌላ ነበር። ልጇን አቅፋ እያየችው፣ ይመጣል የተባለው ፍቅር አልመጣ አላት። የሌላ ሰው ልጅ የያዘች መሰላት። ይህን ለማን ትንገር? አንድ ቀን ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ እንደምንም ደፈረች።

«እማማ፣ ሆዴን ባር ባር ይለኛል።»

«አይ ልጄ! ወንድ ልጅ ታቅፈሽ ባር ባር ይላል? ስንቱ መካን እያለቀሰ! እመቤቴ እንዳትታዘብሽ፣ እንዲህ አትበዪ።»

እማማ ደግ ሴት ናቸው፤ ያሉትም ለደግ ብለው ነው። አራሷ ግን በሩ ሲዘጋ ሰማች። ለባሏም ሞከረች። «ምን ጎደለብሽ?» አላት። «ዘይቱን ገዛሁ፣ ጤፉን አስፈጨሁ፣ ልጁ ደኅና ነው። ምን ጎደለ?» በእርግጥም ከቤቱ የጎደለ ዕቃ አልነበረም።

እዚህ ላይ ትረካውን ገታ ላድርገውና ሰፋ አድርገን እንየው። ይህች ሴት ብቻዋን አይደለችም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከሚወልዱ ሴቶች 13 ከመቶ ያህሉ ከወሊድ በኋላ የአእምሮ ሕመም ያገኛቸዋል፤ አብዛኛው ድባቴ ነው። እንደኛ ባሉ አገሮች ደግሞ ቁጥሩ ወደ 20 ከመቶ ይጠጋል። ከ5 አራሶች አንዷ ማለት ነው። ሸጎሌ ላይ በአንድ ወር የተነሡትን ክርስትናዎች ቁጠሩና ለ5 አካፍሉ።

የኛን አገር በተመለከተ ከሁሉ በላይ የተደከመበት ጥናት የቡታጅራው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ዶክተር አታላይ ዓለም፣ ሻርሎት ሃንሎን፣ ግርማይ መድኅንና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራና አካባቢዋ ላይ 1,065 ነፍሰ ጡሮችን መዝግበው፣ ከነልጆቻቸው ተከታተሏቸው። ምን አገኙ? ጭንቀትና ሐዘን የጸናባት ነፍሰ ጡር ምጧ ይረዝማል፣ ጡት ማጥባት የምትጀምረውም ዘግይታ ነው። ያችን የሁለት ቀን ምጥ አስታወሳችኋት? ድባቴው ከክርስትናው በፊት፣ ከልደቱም በፊት ቤቱን ለምዶት ሊሆን ይችላል። ከዚያው ጥናት የወጣ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ለዛሬው ወሬያችን ቁልፉ ይህ ነው። ከመውለዷ በፊትም በኋላም ጭንቀቱ ያልለቀቃት እናት ልጅ፣ በሁለት ወሩ በተቅማጥ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ልጅ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ይህን በልባችሁ ያዙት፤ እንመለስበታለን።

እነሆ የአራሷ ልጅ በተቅማጥ ታመመ። የእውነት ታመመ። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠች፣ ካርድ አወጣች፣ ተራ ጠበቀች። ሲስተር ልጁን አየችው፤ ኦአርኤስ ሰጠቻት፣ አበጣጠሩን አሳየቻት። ስትጨርስ ትከሻዋን ነካ አድርጋ «አይዞሽ የኔ እናት። አንቺስ ቀምሰሻል?» አለቻትና ቀጣዩን ጠራች።

አንቺስ። ከክርስትናው ወዲህ ማንም ያላላት ቃል ነው።

የዚያን ቀን ባል ከገበያ በጊዜ ገባ። እማማ ረከቦታቸውን ይዘው መጡና እሷ ቤት ቡና አፈሉ። እናቷ ከመርሐቤቴ ደወሉ። ሦስት ሌሊት ሰው አጠገቧ አደረ፤ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ወሰዳት። በአራተኛው ቀን ልጁ ዳነ። «ተመስገን» ተባለ፤ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። በአምስተኛው ቀን ሬዲዮውን ከፍታ ግድግዳ ስታይ ዋለች።

በሳምንቱ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ናት። «ልጄን ያተኩሰዋል። ሌሊቱን ሲቃጠል አደረ።» ልጁ ግን አላተኮሰውም ነበር። ታውቃለች። ለምን እንዳለችው ግን ብትጠይቋት፣ በእውነት ልትነግራችሁ አትችልም።

አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን ስታኮሳትሩ አያለሁ። ቆዩኝ፣ አትፍረዱ። መጀመሪያ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን እንለይ፤ ሰው እነዚህን ሲያምታታ ነው እናት የምትበደለው። ራሷን ሲያነድዳት፣ ልቧ ሲመታባት የነበረው ውሸት አልነበረም። በኛ አገር ድባቴ ብዙ ጊዜ በሥጋ በኩል ነው የሚናገረው፤ ሴትዮዋ ሐኪም ቤት ሄዳ «ከፋኝ» አትልም፣ «ያቃጥለኛል፣ ይቆረጥመኛል» ትላለች፤ ስሜቱም የእውነት ነው። ሌላው ደግሞ የሐኪም ፈቃድ ለማግኘት፣ ከወታደርነት ለመቅረት ወይም ካሣ ለመቀበል ታመምኩ የሚል ሰው ነው፤ የሚፈልገውን ያውቃል፣ ሲያገኝ ይተዋል። የኛ አራስ አሁን የገባችበት ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። እያወቀች የሌለ ሕመም ታወራለች፤ የምታገኘው ገንዘብም ፈቃድም የለም። የምታገኘው መታመም የሚያመጣውን ነገር ብቻ ነው፦ የሚነካ እጅ፣ የሚጠይቅ ድምፅ፣ አጠገብ የሚያድር ሰው። ሐኪሞች ይህን በራሱ እንደ አንድ የአእምሮ ሕመም ቆጥረው ከመዝገባቸው አስፍረውታል። አንዳንዱ ሕመሙን በራሱ ላይ ይፈጥራል፤ አንዳንዱ ደግሞ በሚንከባከበው ሰው ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በልጅ ላይ።

ስሙን ያወጡለት እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ አሸር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት፣ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየዞሩ የፈጠራ ሕመም የሚያወሩ ሰዎችን ገልጸው፣ ተረት በማብዛት በታወቀ ባሮን ሙንቻውዘን በሚባል ጀርመናዊ ስም ጠሯቸው። ስሙ የሚያሳፍር ስም ነው፤ እኔ አልወደውም። አሸር ራሳቸው በኋለኛው ዘመናቸው ድባቴ እንዳሠቃያቸው ተጽፏል።

ነገሩ ግን ከአሸር ይቀድማል፤ እኛም ዘንድ አለ። ከለንደን ወደ ጎንደር ልመልሳችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1932 ሚሼል ሌሪስ የሚባሉ ፈረንሳዊ ጸሐፊ፣ በማርሴል ግሪዮል ከሚመራው የጥናት ጓድ ጋር ጎንደር ገቡ። አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ እያስተረጎሙላቸው፣ የዛር ባለ ውቃቢዋ ወይዘሮ መልካም አየሁ ቤት ወራት ተመላለሱ። ምን አዩ? ልጅ የጨነገፈባት፣ የመከነች፣ ባሏ የተዋት፣ ወልዳ ያልቀናት ሴት ትመጣለች። ዛሩ ይወርዳል፤ ታጓራለች። ከዚያ ዛሩ ይጠይቃል፦ ቡና ይፈላልኝ፣ ሽቶ ይምጣልኝ፣ አዲስ ቀሚስ፣ አምባር። እሷ በራሷ አንደበት ብትጠይቅ «አታፍሪም» የሚላት ባል፣ ዛሩ ሲጠይቅ ሮጦ ያመጣል። ሰው ሁሉ ይከባታል።

ሌሪስ ሲጨነቁበት የኖሩት ጥያቄ፣ ይህች ሴት የምትሠራውን ታውቃለች ወይስ አታውቅም የሚለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጡት መጽሐፍ የደረሱበት፣ አንዳንዱ ጨዋታ፣ አንዳንዱ ደግሞ ሰውየው ሙሉ በሙሉ የሚኖረው ትያትር ነው፣ በመካከላቸው ያለው ድንበርም ጥርት ብሎ አይታይም የሚል ነው። በዚያው ዓመት ሳይመን ሜሲንግ የሚባሉ አሜሪካዊ የጎንደርን ዛር ቤት እንደ ጉባኤ ሕክምና ቆጥረው ጻፉ። ዛር ያለባቸውን ሴቶች አታላዮች ናቸው አልልም፤ እንዲህ እያሉ የሚሰድቧቸውንም አልወድም። ከጎንደር ይዤ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። በቀጥታ ብትናገር የማትሰማ ሴት የምትሰማበትን መንገድ ትፈልጋለች፤ መታመም ደግሞ በኛ አገር ሁሉም የሚያከብረው መንገድ ነው። የታመመ ይጠየቃል። የከፋው ግን «ይለፍልሽ» ተብሎ ይታለፋል።

እንግዲህ ወደ ከባዱ ቦታ ደረስን። በፈጠራ ሕመምና በድባቴ መካከል ያለው ዝምድና ምን ያህል ነው? ግሪጎሪ ያትስና ማርክ ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም ዙሪያ የተጻፉ የ455 ሰዎችን ታሪክ ሰብስበው መረመሩ፤ ሁሉም ሕመሙን በራሳቸው ላይ የፈጠሩ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ተደራቢ የአእምሮ ሕመማቸው በተጻፈላቸው ሰዎች ላይ ከሁሉ በላይ የታየው ድባቴ ነበር፦ 41.8 ከመቶ። የጠባይ መዛባት የተባለው 16.5 ከመቶ ብቻ ነው። ሐኪሞች ለብዙ ዘመን «ይህ የጠባይ ነገር ነው» እያሉ ሲያልፉት ኖረዋል፤ ቁጥሩ ግን ወደ ሐዘን ነው የሚጠቁመው።

በዓመቱ ያትስ ከክሪስቶፈር ባስ ጋር ሆነው ደግሞ፣ ሕመሙን በልጅ ላይ የፈጠሩ የ796 ሰዎችን ታሪክ ሰበሰቡ። 95.6 ከመቶዎቹ የልጁ እናቶች ናቸው። አማካይ ዕድሜያቸው 27 ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ነው። ከአምስቱ ከአንዷ በላይ የሚሆኑት በእርግዝና ወይም በወሊድ ጊዜ ከባድ ነገር እንደገጠማቸው ተመዝግቧል፤ 30 ከመቶ የሚሆኑት በልጅነታቸው የተበደሉ ናቸው። በ30.9 ከመቶዎቹ ላይ በራሳቸውም ላይ ሕመም የመፍጠር ነገር ተገኝቷል፤ ድባቴ ደግሞ በ14.2 ከመቶ። የልጅ ሕመም የፈጠረች እናት ታሪክ ወደ ኋላ ሲፈተሽ፣ አንዳንድ ጊዜ የምትገኘው ራሷን ያሳመመች ወይም በልጅነቷ የተጎዳች ሴት ናት ማለት ነው።

አደራችሁን ግን ይህን ገልብጣችሁ አታንብቡት! ድባቴ ያለባት እናት ልጇን ታሳምማለች ማለት ፈጽሞ አይደለም። የፈጠራ ሕመም ብርቅ ነገር ነው፤ የወሊድ ድባቴ ግን ከአምስት አንዷን የሚያገኝ የየቤታችን ጉዳይ ነው። ድባቴ ያለባቸው እናቶች እጅግ አብዛኞቹ እንኳን ልጃቸውን ሊጎዱ፣ ልጁ ይጎዳብኛል እያሉ በስጋት ነው ሌሊቱን የሚገፉት።

ከዚህም የከፋ ገደል አለ። እ.ኤ.አ. በ1977 ሮይ ሜዶ የሚባሉ የሊድስ የሕፃናት ሐኪም፣ ልጆቻቸውን ያሳመሙ የሁለት እናቶችን ታሪክ ጽፈው ዓለምን አስደነገጡ። አንዷ የልጇን የሽንት ናሙና ስታበላሽ ኖራለች። ሌላዋ ለልጇ ጨው ስትሰጥ ነበር፤ ያ ልጅ ሞቷል። ሕፃን ሊሞትበት የሚችል ነገር ነውና የሜዶ ማስጠንቀቂያ ዋጋ ነበረው። ኋላ ግን እኚሁ ሐኪም በየፍርድ ቤቱ እየቆሙ ይመሰክሩ ጀመር። ሳሊ ክላርክ የተባሉ የሕግ ባለሙያ ሁለት ጨቅላ ወንዶች ልጆች ሞቱባቸው። ሜዶ፣ በእንዲህ ያለ ቤት ሁለት ሕፃናት በድንገት በተፈጥሮ ሞት የመሞታቸው ዕድል ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው ብለው መሰከሩ። እ.ኤ.አ. በ1999 እናትየዋ ልጆቿን ገድላለች ተብላ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት። ስሌቱ ስሕተት ነበር፤ የእንግሊዝ የስታቲስቲክስ ማኅበርም ይህንኑ በይፋ ተናገረ። በ2003 በነፃ ተለቀቀች፤ በ2007 ሞተች። ሁለት ልጆች ቀብሮ፣ ገዳይ ተብሎ ታስሮ፣ ነፃ ተብሎ ወጥቶ፣ ከአራት ዓመት በኋላ መሞት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይደማል።

አሁን የቡታጅራውን ነገር አውጡልኝ። የተጨነቀች እናት ልጅ በእውነት በተቅማጥ ይታመማል፤ ከእጥፍ በላይ። እንግዲያው አንዲት የደከመች እናት በወር አራት ጊዜ ልጇን ይዛ ጤና ጣቢያ ብትመጣ፣ መጀመሪያ ልናስበው የሚገባን ልጁ በእውነት ታምሞ ይሆናል የሚለውን ነው። ልጁ በደንብ ይመርመር። ሁለተኛው እናቲቱ ታምማ ይሆናል የሚለው ነው። እሷም ትመርመር። ውሸት የሚለው ቃል ከእነዚህ በኋላ፣ ያውም በጥንቃቄ የሚመጣ ነው።

ወደ ሸጎሌ እንመለስ፤ አራሷን ደጃፍ ላይ አስቁመናታል።

ሲስተር የልጁን ሙቀት ለካች፤ ትኩሳት የለውም። በሳምንቱ አራሷ ተመልሳ መጣች፤ የለውም። ከዚያ «ያስመልሰዋል» አለች፤ ልጁ ግን ክብደት እየጨመረ ነው። ከዚያ ስለ ራሷ አወራች፦ «ደም ይፈሰኛል፣ አልቆም አለኝ።» ተመረመረች፤ ደም የለም። ሲስተር ካርዱን ገለጠችው። የሰባት ጉብኝት ጽሑፍ፣ የሰባት ጊዜ «ደኅና ነው»።

እዚህ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሲስተሯ ሰው በሞላበት ወረፋ «አንቺ ሴትዮ፣ ሥራ አታስፈቺን! ልጅሽ ምንም የለውም!» ትላለች። አራሷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ትወጣለች። ተመልሳ አትመጣም። ሌላ ጤና ጣቢያ ሌላ ካርድ ታወጣለች። እዚያ ደግሞ ባዶ ወሬ አያዋጣምና የሚታይ ምልክት ያስፈልጋታል። ሜዶ የጻፏቸው እናቶች የደረሱበት ቦታ እንዲህ እንዲህ እያለ ነው የሚደረሰው። በአደባባይ የተዋረደ ሰው ሕመሙን ይደብቃል እንጂ አይተውም።

ሁለተኛው መንገድ በር መዝጋት ነው። ሲስተር ወረፋውን ለባልደረባዋ ሰጥታ በሩን ዘጋች። ልጁን ተቀብላ አቀፈችው።

«ልጅሽ ጎበዝ ነው፣ አድጓል። በደንብ ይዘሽዋል። አሁን ስለ አንቺ አውሪኝ። ትተኛለሽ?»

ዝም።

«ምግብ ይበላልሻል? ሆድሽን ይብስሻል?»

ዝም። ከዚያ እንባዋ መጣ። ብዙ ቆየች። በመጨረሻ፣ ወለሉን እያየች እንዲህ አለች።

«እሱ ሲታመም ሰው ይመጣል።»

ሲስተሯ አልገሠጸቻትም። «ታዲያ አንቺ ስትታመሚም ይምጣ» አለቻት።

ትረካው ሁሉ በዚህ ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ይህን ንግግር ለመክፈት የሚያስፈልገው መሣሪያ ደግሞ ከባድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 ጆን ኮክስና ባልደረቦቻቸው ስኮትላንድ ውስጥ፣ አራስን የሚጠየቁ 10 አጫጭር ጥያቄዎች አዘጋጁ፤ መሣቅ ትችያለሽ ወይ ከሚለው ተነሥቶ ራስሽን መጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ ወይ እስከሚለው ድረስ። ቡታጅራ ገጠር ላይ ሲሞከር ብዙም አልሠራም። አዲስ አበባ ላይ ግን ዶክተር ማርቆስ ተስፋዬና ባልደረቦቻቸው ልጆቻቸውን ለክትባት ይዘው በመጡ 100 እናቶች ላይ ፈትነውት፣ የተጨነቀችውን ካልተጨነቀችው በደንብ እንደሚለይ እ.ኤ.አ. በ2010 አሳተሙ። ልብ አድርጉ፤ የክትባት ክፍል ውስጥ ነው። እናት ሁሉ ያለ ሐፍረት የምትመጣበት፣ «የአእምሮ ሆስፒታል፣ አማኑኤል ሄደች» ተብላ የማትታማበት ቦታ። የ45 ቀኑ ክትባት የሚሰጠው ደግሞ ክርስትናው አልፎ ቤቱ ጭር ባለበት በዚያው ሰሞን ነው።

ሕክምናውስ? የግድ ትልቅ ሐኪም አይጠይቅም። አቲፍ ራህማን የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ፓኪስታን ገጠር ውስጥ፣ እንደኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት የሚዞሩ ሴቶችን አሠልጥነው ድባቴ ያለባቸውን እናቶች እንዲጎበኙ አደረጉ። ልጁ ስድስት ወር ሲሞላው፣ ከተጎበኙት እናቶች ድባቴው ያልለቀቃቸው 23 ከመቶ ሆኑ፤ በዚህ የሠለጠነ ሰው ካልጎበኛቸው 53 ከመቶ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። በአዲስ አበባም በየሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉን፤ በሩን ያውቁታል፣ እናቲቱንም ያውቋታል። ከሚጠይቁት ሁሉ ጋር «አንቺስ?» የሚለው እንዲጨመርላቸው ያስፈልጋል፤ ሥልጠናውም፣ ጊዜውም አብሮ ይሰጣቸው።

እውነቱን ላለመሸፈን፣ ሁሉም እናት እንደ አራሳችን በአንድ ቁጭታ አትናገርም። ሕመም መፍጠር ሥር ከሰደደ ለማከም ከባድ ነው፤ ብዙዎቹ ይክዳሉ፣ ሐኪም ይቀያይራሉ። ልጁ የተጎዳ ወይም ሊጎዳ የሚችል ከሆነ ደግሞ ርኅራኄ ብቻውን አይበቃም። መጀመሪያ የልጁ ደኅንነት ይጠበቃል፣ ቤተሰብ ይጠራል፣ የአእምሮ ሐኪም ይገባበታል። ማንም የማይሰማውን ድምፅ የምትሰማ፣ ራሷን ወይም ልጇን ስለ መግደል የምታወራ አራስ ካለች ነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ትወሰድ። ከሸጎሌ ጳውሎስ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። አማኑኤልም አለ። ጸበል የሚወስዳት ይውሰዳት፤ ሕክምናውን ግን አያስቁማት።

አራሳችን ምን ሆነች? እኔ ያቆምኳት ሴት ናትና መልካሙን እመኝላታለሁ። ባል ተጠርቶ ተነገረው፤ «ምን ጎደለሽ» ማለቱን ትቶ ከሁለት ገበያ በአንዱ በጊዜ ይገባ ጀመር። እማማ ልጁን ለአንድ ሰዓት እየያዙ ያስተኟታል። ሕክምናዋን ትከታተላለች። መጥፎ ቀን አሁንም አላት፤ ሲመጣባት ግን «ዛሬ ከፍቶኛል» ብላ ትደውላለች እንጂ የልጁን ስም አታነሳም።

እናንተ ይህን የምትሰሙ፣ አራስ የምታውቁ ከሆነ በአርባው ቀን አትጥፉ። ክርስትናው በተበላ በሳምንቱ ሂዱ፣ ባዶ እጃችሁንም ቢሆን። ልጁን ከመሳማችሁ በፊት እሷን «አንቺስ እንዴት ነሽ? ትተኛለሽ ወይ?» በሏት፤ «ከፋኝ» ካለቻችሁ ደግሞ አትቆጧት፣ ተቀምጣችሁ አድምጧት፣ አብራችኋትም ጤና ጣቢያ ሂዱ።